ጾም ነው ብል እንዳታምኑኝ

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን ስልክ ተደወለልኝ። ድምፁን አላወቅሁትም። ሰላም እባላለሁ አለችና፣ እናቷ እትዬ ማንያህልሻል ካረፈች ወር እንዳለፋት፣ ቀብሯም እንደተመኘችው በአገሯ እንደሆነ ነገረችኝ። አልቅሼ ሳልጨርስ ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠርጋ አንድ ያልገባን ነገር አለ አለች። በእናቷ የእጅ ቦርሳ ውስጥ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አግኝተዋል። ግርጌው ላይ የእኔ ስልክ ቁጥር ሰፍሯል። ጽሕፈቱ የእናቷ አይደለም፤ የሚለው ነገርም ጨርሶ እናቷን አይመስልም።

«እናቴ ዋሽታ አታውቅም» አለች ሰላም፣ ቅር እንዳላት ያስታውቃል። ከዚያ አነበበችልኝ። «እኔ ማንያህልሻል የኮሌስትሮል ኪኒን እወስዳለሁ። ጾም ነው፣ አቁሜያለሁ ብል እንዳታምኑኝ።»

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ። መርዶ ነጋሪ ፊት መሳቅ ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አስጻፊዋ ደግሞ ራሷ እትዬ ነበረች። ለሰላም ነገሩን ከሥሩ አጫወትኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ይኸው እጽፈዋለሁ።

እትዬ ማንያህልሻልን ያወቅኋት ዱባይ አቅራቢያ ባለችው አጅማን፣ አል ራሺዲያ፣ ስድስት ሴቶች በአንድ ክፍል በምንኖርበት ቤት ነው። ቤድ ስፔስ ይሉታል፤ የምትከራዪው ክፍሉን ሳይሆን አልጋሽን ብቻ ነው። የእሷ አልጋ በመስኮቱ በኩል ከታች ነበር፣ የእኔ ከእሷ በላይ። እኔ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ዱባይ ዴራ ውስጥ ከአገር ቤት የሚመጡ ነጋዴዎች የገዙትን ዕቃ የሚያሽግ ካርጎ ቤት እሠራለሁ። እሷ ሃምሳን ተሻግራለች። ሻርጃ አል ተዓውን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ለምትኖር አንዲት አሮጊት ዓረብ ወጥ ቤት ነበረች። ቪዛዋ በማዳም ስም ነው፣ አዳሯ ግን ከእኛ ጋር። ማዳም ከራሷ በስተቀር የማንንም ማንኮራፋት አትችልም ትለን ነበር።

እንደመጣሁ ሰሞን አንቱ አልኳት። ተቆጣች። አንቱታ ለሚጦር ሰው ነው፣ እኔ ገና ሠርቼ የምበላ ነኝ አለችኝ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንቺ ነበር የምላት፤ እዚህም እሷ እያልኩ የምጽፈው ከአክብሮት ጉድለት እንዳይመስልባችሁ።

ቁመቷ ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ፣ ስትስቅ አልጋው አብሯት የሚስቅ ሴት ነበረች። እጇ ላይ ትልቅ የወንድ ሰዓት ታስራለች። የማዳም ሟች ባል ሰዓት ነበር። ቁም ነገር ልትናገር ስትል ሰዓቱን ትፈታና ጉልበቷ ላይ በፊቱ ትደፋዋለች። ጊዜ እንዳያጣድፈኝ ነው ትላለች። ነገሩ ሲያልቅ መልሳ ታስረዋለች፤ «ኸላስ» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ጉዳይ የሚናገር የለም። ጠዋት ወደ ሥራ በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ማን የት እንደሚቀመጥ የምትደለድለው እሷ ነበረች። ሹፌሩ ፓኪስታናዊ ነው፤ አንድም ቀን ተከራክሯት አያውቅም።

ጊዜው የእገዳው ጊዜ ነበር። አገር ቤት መንግሥት ሠራተኛ ወደ ዓረብ አገር መላክ ከልክሏል፤ ኤጀንሲዎች ተዘግተዋል፤ አዲስ ፊት ማየት ቀርቷል። ለዓመት ፈቃድ ሄደው እዚያው የቀሩ ሴቶች አሉ ይባላል። እውነትም ይሁን ወሬ፣ ሁላችንም አፍ ላይ የነበረው ከወጣሁ አልገባም የሚል ነገር ነው። እትዬ ልጇን ካየች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ሰላም የመምህራን ኮሌጅ ገብታ አንድ ዓመት ይቀራታል። እትዬ ከአንድ ዓመቱ በላይ የምታስበው ነገር አልነበራትም። ሰላም ጠመኔ ስትይዝ ብቻ ነው አገሬ ገብቼ ወገቤን የማሳርፈው ትል ነበር።

ኮሌስትሮል እንዳለባት የታወቀው ማዳም ለራሷ ምርመራ ስትሄድ አብራ ይዛት ሄዳ ነው። ሐኪሙ የሁለቱንም ደም አይቶ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ኪኒን አዘዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እትዬ ግን ሹመት ነው ያደረገችው። ያን ቀን ስትገባ ሰዓቷን ፈትታ ከዛሬ ጀምሮ እሷና ማዳም በአንድ በሽታ እንደሚጠሩ አስታወቀችን። አባቷ ዕድሜውን በሙሉ በገብስ ቆሎ የኖረ ሰው ነበር፤ የእሱ ልጅ ደሟ ውስጥ ስብ ተገኘ። ካርጎ ቤት ልትጠይቀኝ ስትመጣም ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ ሁሉ ጋ ታወራዋለች። አንዱ እኔም አለብኝ ካላት ስንት ነው ትለዋለች። የእሱ ከፍ ካለ ፊቷ ቅጭም ይላል።

ኪኒኑ ማታ ማታ የሚወሰድ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እትዬ ወደ አጅማን ከመመለሷ በፊት በአንድ ትሪ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ታቀርባለች። ሁለቱም ባሕሩን ወደሚያሳየው መስኮት ዞረው ይቀመጡና ማዳም በቢስሚላህ፣ እሷ በስመ አብ ብላ ይውጣሉ። እንዲህ ሲሆን ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። እመቤትና ሠራተኛ አይመስሉም ነበር፤ በጡረታ የተገናኙ ጓደኞች እንጂ።

ችግሩ ጾም ነው። እትዬ በጾም ኪኒኑን አትወስድም። መድኃኒት ጾም ይገድፋል ብላ አይደለም፤ ነገሩን በራሷ መንገድ አስባበት ነው። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ኪኒኑ ሆዴ ገብቶ ምን ሊሠራ ነው ትላለች። ሥራ ሲያጣ ወደ እኔ ይዞራል። ረቡዕና ዓርብም አትወስድም። የእኛን አጽዋማት ብዛት ለሚያውቅ ሰው ይህ ማለት ኪኒኑን የምትወስደው በዓመት እኩሌታውን እንኳ አይሆንም ማለት ነው። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ያመለጠውን ለማካካስ ሁለት ሁለት ትውጣለች። ማዳም በዚህ ተከራክራታለች። እኔ በረመዳን ጾሜን ስፈታ፣ ከፍጡር በኋላ፣ እወስዳለሁ እንጂ አላቆምም አለቻት። እናንተማ ማታ ሥጋ ትበላላችሁ፣ እኔ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ የአንቺን ሥጋ የምቀምሰው በአፍንጫዬ ነው ብላ መለሰችላት። እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ በዚህ አስተሳሰቧ ውስጥ ቀዳዳ አልታየኝም ነበር።

በዚያ ዓመት በሰሞነ ሕማማት ሳል ያዛት። ደረቷ ውስጥ የሚያፏጭ ክፉ ሳል። ረቡዕ ዕለት ሰፈራችን ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ እንግሊዝኛውን የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ኢንፌክሽን ነው፣ ለአሥር ቀን ጠዋትና ማታ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ እጽፋለሁ አለ። ከመጻፉ በፊት ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ሲል ጠየቀ። ዞር ብዬ ጠየቅኋት። የለም አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ። እኔም «ኖ» አልኩ።

ልንዋሽ አስበን አልነበረም። በዚያ ረቡዕ እውነቱ «የለም» ነበር፤ ኪኒኑ ሃምሳ ቀን ሙሉ ከቦርሳዋ አልወጣም። ሐኪሙ ክላሪትሮማይሲን የሚባለውን ጻፈና ሸኘን። እሱን ግን ጾም ነው ብላ አልተወችውም። ሳል ጾም አያውቅም አለች።

የስቅለት ለት ሻርጃ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ መርፌ ቢጥሉ መሬት አይደርስም ነበር። ዓርብ ያኔ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ከዱባይም ከጀበል አሊም ያልመጣ የለም። እትዬ ሳሏን በነጠላዋ አፍና ከመጀመሪያው ረድፍ ቆመች። ስግደት በእሷ ዘንድ ቀልድ አይደለም። የራሷን ብቻ ሳይሆን የእኔንም ትቆጥራለች፤ ጉልበቴ መሬት ሳይነካ የተነሣሁበትን አትይዝልኝም። ከሦስት መቶ በላይ ሰግዳ፣ በመጨረሻ አባ በቅጠል መታ መታ ሲያደርጓት ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ሰው መቆጣቷን ተናዝዛ ሌላ መቶ ተጨመረባት። እሱንም ጨረሰችው። ቅዳሜ ቤታችን ያለን አምስት ክርስቲያኖች በሙሉ እግራችንን ጎትተን ነበር የምንሄደው። ስድስተኛዋ ሐዋ የከሚሴ ልጅ ናት፣ ትምህርት ቤት ጽዳት ትሠራለች። እየሳቀችብን ጭናችንን በቅባት አሸችን።

እሑድ ፋሲካ ሆነ። እትዬ ወጡን ሠራች፣ ማዕዱን ባርካ የመጀመሪያውን ጉርሻ እኔን ከማጉረሷ በፊት ቦርሳዋን ከፍታ ሁለት ኪኒን ዋጠች። አንዱ ለዛሬ፣ አንዱ ለሃምሳ አምስቱ ቀን አለች። ተሳሳቅን። ሰኞም ሁለት፣ ማክሰኞም ሁለት። አንቲባዮቲኩንም እንደታዘዘላት ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። ሳሉ ተሽሏታል።

የእኔ የስግደት ሕመም ሰኞ ለቀቀኝ። የሌሎቹም እንዲሁ። የእትዬ ግን ማክሰኞ ባሰባት። ከአልጋ ስትነሣ ሁለት እጇን መደገፍ ጀመረች። ረቡዕ ጸጉሯን ለማበጠር ክንዷን ማንሣት አቃታት። ለሁሉም መልስ አላት። የስቅለቱ ነው ትላለች። ክንድሽስ ስላት፣ ስሰግድ የምነሣው በእጄ አይደለም ወይ አለችኝ። ረቡዕ ማታ እንኳ ከሥራ ስትመለስ ደረጃውን የወጣችው የብረቱን ደገፋ በሁለት እጇ እየሳበች ነው። ያላመነቻት ሐዋ ብቻ ነበረች። ማድ ቤት ጠርታኝ እሷ በቀን ስንት ባልዲ እንደምትሸከም አስታወሰችኝና፣ «የሹግል፣ የሥራ ሕመም በሦስተኛው ቀን ይለቃል፤ ዋላሂ የእሷ የስግደት አይደለም» አለችኝ።

ሐሙስ የሕንፃው ውኃ ተቋረጠ። ይህን የምጽፈው ያ ውኃ ባይቋረጥ ኖሮ እትዬን በዚያው ሳምንት እናጣት ስለነበር ነው። ሥራ አልሄደችም፤ ማዳም ጋ ደውላ ጉንፋን ነው ብላለች። ከእሷ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ውኃ ስለጠፋ ያላፈሰሰችበትን አየሁ። ሽንት አይመስልም፤ የጠቆረ ሻይ ነው።

ተመልሼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። መጀመሪያ ደረቀችብኝ፤ ከዚያ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እንደሆነ አመነች። ሆስፒታል እንሂድ አልኳት። ሰዓቷን ልትፈታ ሞከረች፣ ጣቶቿ አልታዘዝ ስላሏት እኔ ፈታሁላትና ጉልበቷ ላይ ደፋሁት።

«ስሚኝ አንቺ ልጅ» አለች። «ኩላሊት የሚል ነገር ከተጻፈብኝ ማዳም ቪዛዬን ታሰርዛለች። የታመመ ወጥ ቤት ማን ያስቀምጣል? ከወጣሁ ደግሞ አልገባም። አንድ ዓመት ነው የቀራት ሰላም። አንድ ዓመት። እሱን ልጨርስና እወድቃለሁ።»

ለማንም አልናገርም ብዬ እንድምል አደረገችኝ። ማልኩላት። ከዚያ ወደ ደረጃው ወጣሁና ለማዳም ደወልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቶሎ ያፈረስኩት መሐላ የለኝም፤ ስደውል ያስጨነቀኝ ግን መሐላው አልነበረም። ቪዛዋን የምቆርጠው እኔ መስሎኝ ነው። የእኔ ዓረብኛ የካርጎ ዓረብኛ ነው፤ ካርቶን ከመቁጠር አያልፍም። እንደምንም ኡም ሰላም ታማለች፣ ሙሽኪላ፣ ችግሩ ትልቅ ነው አልኳት። ማዳም እትዬን የምትጠራት እንደ አገሯ ልማድ በልጇ ስም ኡም ሰላም እያለች ነበር።

ሹፌር ትልካለች ብዬ ስጠብቅ ራሷ መጣች። ከቤቷ ከወጣች ወራት ሆኗት ነበር። የእኛ ሊፍት ደግሞ ተበላሽቷል። አራት ፎቅ በእግሯ፣ በየደረጃው መታጠፊያ እየቆመች እያረፈች፣ አባያዋን ሰብስባ ወጣች። ስትገባ እትዬ ለአክብሮት ልትነሣላት ሞከረች፤ አልቻለችም። ሁለተኛ ሞከረች። ያን ጊዜ ሁላችንም ፈራን፤ ያን ጊዜ ሐዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማዳም አንገቷን ከእኔ አልጋ በታች ዝቅ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠችና ግንባሯን ዳሰሰች። የተናገረችው «ያላ» ብቻ ነው። በር ላይ ሐዋ የእትዬን የመድኃኒት ፓኬቶች በሙሉ በፌስታል አድርጋ እጄ ላይ አስያዘችኝ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ? እትዬ አንቲባዮቲክ ብቻ አለች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የኮሌስትሮሏንም ጨመረች። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ሰውዬው ሁለቱን ፓኬቶች ጎን ለጎን አቆማቸው፣ አያቸው፣ ከዚያ መዳፉን በመካከላቸው አስገብቶ አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ ገፋ። ያ እንቅስቃሴ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

መቼ እንደተጀመረ፣ ስንት እንደተዋጠ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ስለ ጾሙ ነገርኩት፤ ስለ ሁለት ሁለቱ ነገርኩት። አራት መቶ ስግደት ስለው አልገባውም። ምን ዓይነት ነው አለኝ። ምርጫ ስላልነበረኝ ነጠላዬን አጥብቄ እዚያው ወለሉ ላይ አንድ ሰግጄ አሳየሁት። ማዳም አየችና ይሄማ እኛም አለን አለች። ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ አስረዳን። ይህ የኮሌስትሮል ኪኒን ጉበት ውስጥ ነው የሚፈጨው። ይህ አንቲባዮቲክ ደግሞ ያንን መፍጫ ይይዘዋል። ኪኒኑ ሳይፈጭ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሲበዛ ጡንቻ ያሟሟል፤ የሟሟው ጡንቻ ነው ሽንቱን ያጠቆረውና ኩላሊቷ ላይ የወደቀው። ስግደቱም ጡንቻዋን አድክሞ ጠብቆታል። የክሊኒኩ ሐኪም የኮሌስትሮል ኪኒን እንዳላት ቢያውቅ ሌላ አንቲባዮቲክ ይጽፍ ነበር፣ ወይም ይህን እስክትጨርስ ያንን እንዳትነካ ይነግራት ነበር አለኝ። ያቆመችውንም ቢሆን መናገር ነበረባት። እኔን እያየ ስለተናገረ ያች «ኖ» ትዝ አለችኝ።

ሁለቱም መድኃኒቶች ተቋረጡ፤ ግሉኮስ ተሰካላት። ኩላሊቷ መትረፍ አለመትረፉ በሁለት ቀን ውስጥ ይለያል ተባልን። እትዬ ግን ስለ ኩላሊቷ አልጠየቀችም። የማዳምን እጅ ይዛ በዚያ በመንዝ ዓረብኛዋ ትለምናት ጀመር። ጉንፋን ነው በይ፣ ወረቀት ላይ አታስጽፊብኝ፣ አንድ ዓመት ብቻ አቆዪኝ፤ ቁጭ ብዬም ቢሆን አበስልልሻለሁ።

ማዳም የተቆጣች መሰለኝ።

«ኡም ሰላም፣ መንግሥትሽ በሩን ዘግቶብኛል» አለቻት። «አንቺን ሰድጄ ማንን ላመጣ ነው? ደግሞስ ማታ ኪኒኔን ከማን ጋር ልዋጥ?»

እትዬ መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ሳቀች፣ ሳቁ ጡንቻዋን ስላሳመማት አቃሰተች፣ እንደገና ሳቀች። ያን ያህል የፈራችው እገዳ እሷን ከማስወጣት ይልቅ አጥብቆ አስሯት እንደነበር ያን ቀን ነው የገባን። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። መሐላዬን ማፍረሴን ይቅር ያለችኝ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሽንቷ የውኃ መልክ ሲይዝና ኩላሊቷ ተርፏል ስትባል ነው። እስከዚያ ድረስ አኩርፋኝ ነበር።

ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ቆይታ የምትጀምረው ሌላ ዓይነት የኮሌስትሮል ኪኒን አዘዘላት፤ የምትወስደውን ሁሉ ጽፋ በቦርሳዋ እንድትይዝም መከራት። ማታውኑ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ አለችኝ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንድጽፍ አዘዘች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን፣ እንዳታምኑኝ የሚለውን ያስጻፈችኝ ሰዓቷን ፈትታ ነው። ሰው ይስቅብሻል ብላት አልሰማችኝም።

«ውሸት መሆኑን ሳላውቀው ነው የምዋሸው» አለች። «እኔን ሊገድለኝ የነበረው እንዲህ ያለው ውሸት ነው። በይ ጻፊ።»

ግርጌው ላይ የማን ስልክ ይሁን ስላት የአንቺን አለችኝ። ያኔ ኖ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ከእንግዲህ ሲደውሉ «የስ» የምትዪውም አንቺ ነሽ። ኸላስ አለችና ሰዓቷን አሰረች። ከዚያ ወዲህ ሦስት ስልክ ቀይሬያለሁ፤ ቁጥሬን ግን አንድም ቀን አልቀየርኩም።

ንስሐ አባቷም ጋ ሄዳ ነገሩን ተናዘዘች። እሳቸው ኪኒኑን በጾምም በፍስክም እንደ ሐኪሟ ትእዛዝ እንድትውጥ አዘዟት። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። በተከታዩ ዓመት ስቅለት ላይ ሁለት ባዶ ፓኬት ይዛ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመች። ጠና ያለ ሰው ሲገባ ኪኒን አቁመሃል፣ ኪኒን አቁመሻል ትላለች። አዎ ያላትን ይዛ ፓኬቶቹን በመዳፏ እንደ ሐኪሙ ግራና ቀኝ ታለያያቸዋለች። ጉበትን የምታስረዳው በራሷ መንገድ ነበር። ጠዋት ከሻርጃ ወደ ዱባይ የሚወስደውን መንገድ አስብ ትላለች፤ አንቲባዮቲኩ መንገዱ መሃል የቆመ ከባድ መኪና ነው፤ የአንተ ኪኒን ከኋላው ቆሞ ጡሩምባ ሲነፋ ይውላል። ያንን መንገድ ለማያውቅ ሰው ላይገባው ይችላል። እኛ ግን ሁላችንም በየቀኑ እዚያ እንቆም ነበርና አንድም ሰው ድገሚልኝ አላላትም። ስንቱ ከእሷ ሄዶ ሐኪሙን እንደጠየቀ አላውቅም፤ ካርጎ ቤት የሚመጡ ነጋዴዎች ግን እስከ ዛሬ እናታቸው ስለሚወስዱት መድኃኒት ሲያወሩ መዳፋቸውን በመካከል ያስገባሉ።

ማዳምም ዝም አላለችም። የእትዬን ኪኒን ወስዳ እሷው ዘንድ አስቀመጠችው፤ እትዬ ደግሞ የማዳምን ያዘች። ማታ ማታ በዚያ ትሪ ላይ አንዷ ለሌላዋ ትሰጣለች፣ አንዷ ሳትውጥ ሌላዋ አትውጥም። በዐቢይ ጾም እትዬ ስታቅማማ ማዳም ብርጭቆዋን ይዛ ትጠብቃታለች። በረመዳን ደግሞ እትዬ የእሷ ጾም ባይሆንም እስከ ፍጡር ድረስ ኪኒኗን አትነካም፤ በዚህ ምክንያት እኛ ጋ የምትደርሰው እራታችን ከቀዘቀዘ በኋላ ነበር። ሰላም ተመረቀች። እትዬ ወገቤን አሳርፋለሁ ያለችበት ዓመት አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፣ እገዳውም ተነሣ፣ እሷ ግን አልሄደችም። ኪኒኗን ማን ያስውጣት ትላለች። የሄደችው ማዳም በሰላም ካረፈች በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ለሰላም በስልክ ነገርኳት። ስጨርስ እሷም ያየችውን ነገረችኝ። እናቷ ከመጣች ጀምሮ ማታ ማታ፣ ጾምም ይሁን ፍስክ፣ ኪኒኗን ስትውጥ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ትቀዳ ነበር። አንዱን ትጠጣለች፤ ሁለተኛው ትሪው ላይ ይቀመጣል። ለምን ብላ ጠይቃት አታውቅም።

«ለእኔ የምትቀዳልኝ መስሎኝ ሁልጊዜ እጠጣው ነበር» አለች።

ደግ አደረግሽ አልኳት። ማዳምም ብትሆን ውኃ ሲደፋ አትወድም ነበር።